ከወልዩ ቀብር ያዞርነው ቦይ

የልጅ ልጄን ጨርቆች ከግድግዳው ምስማር ላይ ሳወርድ፣ ማታ ስሰቅላቸው ከነበሩበት የባሰ ረጥበው አገኘኋቸው። በደንብ ሳልጨምቃቸው ቀርቼ ይሆናል ብዬ መጀመሪያ ራሴን ወቀስኩ። ቀጥዬ መዳፌን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ አልቦታል፤ ኖራው ከእጄ ጋር ተልጦ መጣ። ዝናብ ከጣለ ሁለት ቀን ሆኖታል። ቆርቆሮው እንደማያፈስ አውቃለሁ፣ ከክረምት በፊት ወጥቼ በእጄ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ውሃው ከላይ አልመጣም። ከኋላ ነው የመጣው። ከቤታችን ኋላ ደግሞ ጋራው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ልጄ እዚያው ግድግዳ ሥር ተኝታለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደኔ መጥታ፣ ከወለደች አሥራ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ጅጅጋ ግንበኛ ነው፤ አርባዋ ሲሞላ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ጓዳውን የመረጥኩላት እኔ ነኝ፤ ከመንገድ ይርቃል፣ ንፋስ አይገባበትም ብዬ።

"ኡሚ፣ ምን ሆነሽ ነው ግድግዳ የምትዳብሺው?" አለችኝ።

ምንም አልኩና ወጣሁ። በቤቱ ጀርባና በጋራው መሃል አንድ ክንድ የምታህል ክፍተት አለች፣ እንጨት የምንከምርባት። እግሬን ሳስገባ ጫማዬ ሰመጠ። ከመሠረቱ ድንጋዮች መሃል ውሃ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጥርት ያለ፣ የምንጭ ውሃ የመሰለ። እንጨቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ሰው አላስፈለገኝም። ያንን ውሃ እዚያ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ራሴ ነበርኩ።

ሰፈራችን ሐኪም ጋራ ሥር ነው። እኔና የሰፈሬ ሴቶች በከተማ ሴፍቲኔት፣ ለድሃ ቤተሰብ ሥራ ሰጥቶ በሚከፍለው ፕሮግራም፣ ታቅፈን ስንሠራ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። በመጀመሪያው ዓመት መንገድ ጠረግን፤ በሁለተኛው ችግኝ ተከልን። በሦስተኛው ዓመት ጋራው ላይ አወጡን። በስብሰባ እንዳስረዱን፣ በየክረምቱ ከጋራው ወርዶ በየቤቱ የሚገባውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ይዘን ወደ ፈፋው እንወስደዋለን፤ ፈፋው ታች ደግሞ ይጠራቀማል፤ በዚያ ውሃ ሥራ ያጡት የሰፈሩ ልጆች ሰላጣና ቲማቲም ያለማሉ። እኛም ሦስት ዓመታችንን ስንጨርስ እንመረቃለን፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን ሥራ እንጀምራለን። እኔ ያሰብኩት የልብስ ስፌት መኪና ነበር። የት እንደማስቀምጣት ሁሉ መርጬ ነበር፤ ከበሩ በስተቀኝ፣ ብርሃን ባለበት።

የቡድን መሪ ያደረጉኝ እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ ነው። ስም እጠራለሁ፣ የቀረችውን እመዘግባለሁ። ኢንጂነሩ፣ ገና ጢሙ በደንብ ያልወጣ ልጅ፣ በመሣሪያው እየለካ ችካል ተከለ፣ ሲባጎ ወጠረና በዚህ መስመር ቆፍሩ ብሎ ወደ ሌላ ሳይት ሄደ። ወሩ የካቲት ነው፣ መሬቱ ድንጋይ ሆኗል። ቆፍረን ቆፍረን እወይራው ዛፍ ዘንድ ስንደርስ ሁላችንም ዶማችንን አስቀመጥን።

እወይራው ሥር የወልይ፣ የአላህ ወዳጅ ሰው፣ ቀብር አለ። ስሙን እኔ በትክክል አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። በኖራ የተቀባ የድንጋይ ክምር ነው፣ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ ሐሙስ ሐሙስ ሰዎች ሐድራ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጉበታል። እናቴ ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር ከዚያ አፈር ቆንጥራ ትቀባኝ ነበር። ችካሉ የሚያልፈው ደግሞ ልክ ከእግሩ ሥር ነው። ማን ዶማ ያንሳ? ለኢንጂነሩ ደወልኩ፣ አያነሳም። በድጋሚ ደወልኩ። ሴቶቹ ተቀምጠው ያዩኛል።

ከቡድናችን አንዲት ቀልደኛ አለች፣ አፏ የማያርፍ፣ የቅርብ ጓደኛዬ ናት። "ሰው በወልይ ፊት ያቋርጣል እንዴ?" አለች። "ዞሮ ነው የሚሄደው። ውሃውም አደብ ይዞ ዞሮ ይሂድ።"

ሳቅን። ነገሩ ግን ለሁላችንም ልክ መሰለን። ተነሳሁና አምስት ችካሎች በእጄ ነቀልኩ። ከቀብሩ በታች አውርጄ፣ ዙሪያውን አዙሬ፣ ካለፍኩት በኋላ መልሼ ወደ ቀድሞው መስመር አገናኘሁት። በዓይኔ ነው የለካሁት። ሲያዩት ያምራል፤ ክንድ ዘርግቶ ያቀፈው ይመስላል። ቢስሚላህ ብለን ቆፈርን። ኢንጂነሩ ከሳምንታት በኋላ ሲመጣ ከላይ አየ፣ ከታች አየ፣ ጎበዞች አለን። ፎቶ አነሳን። ያ ፎቶ ወረዳው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እኔ ፊት ቆሜ አካፋዬን ይዤ እስቃለሁ።

ውሃ ግን አንዴ ወደ ታች ከወረደ መልሶ ዳገት አይወጣም። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም ዕድሜዬን ሁሉ ልብስ አጥቤ ውሃ ስደፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። በዚያ ቀን ግን የማስበው ስለ ውሃ አልነበረም።

ከእንጨቱ ክምር ላይ ተነሳሁና ጋራውን ወጣሁ። መንገዱ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ እኔ ግን ሁለቴ ቆሜ ተነፈስኩ። ያዞርነው ቦታ ሞልቷል። ኩሬ ሆኗል፤ እንቁራሪት ገብቶበታል፣ የውሃ ፕላስቲክ ተንሳፍፎበታል። ከሐምሌ ጀምሮ የዘነበው ሁሉ ወደ ፈፋው አልሄደም፣ እዚያ ጎድጓዳ ላይ ተኝቶ ከሥር አፈሩን እየሰረሰረ ነበር። በታችኛው ዳር መሬቱ ተሰንጥቋል። አራት ጣቴን አስገባሁበት፣ ገባ። ቀና ስል ከእግሬ በታች የሚታየው የራሴ ቆርቆሮ ነው፤ ንፋስ እንዳይወስደው የጫንኩበት ድንጋይ፣ አጠገቡ ቢጫው ጀሪካን። ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ልጄ ልጇን ታጠባለች።

አካፋ አምጥቼ ልቁረጠው ብዬ አሰብኩ። የት ልቁረጠው? እዚህ ብቆርጠው ውሃው በኔ ጣሪያ ላይ ነው የሚወርደው። ወደ ቀኝ ብቆርጠው አምስት ልጆች ያሏት ጎረቤቴ ቤት ነው። የሚቀረው የቀድሞው መስመር ነው፣ የቀብሩ እግር ሥር። እዚያ ብቻዬን ዶማ አላነሳም። ሰው ሳያውቅም አይሆንም።

ወደ ቀልደኛዋ ጓደኛዬ ሮጥኩ። ስነግራት አፏን በነጠላዋ ያዘች። መጀመሪያ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሐሙስ ከክልል እንግዶች ጋራውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ፣ ይሄ ነገር አሁን ከተሰማ ቡድኑን በሙሉ ከሴፍቲኔቱ ዝርዝር እንደሚያወጡን፣ ሦስት ዓመት የለፋነው መና እንደሚቀር ነገረችኝ። ፀሐይ ከወጣ ይደርቃል አለች። ሰማዩን አየሁ፤ በጋራ ሙለታ በኩል ደመናው ከወዲሁ ጠቁሯል። ታዲያ ውሃው ዞሮ ይሂድ ያልሽው አንቺ አይደለሽም ወይ ስላት፣ አንገቷን ደፋች።

"እህቴ፣ እኔ ቀልድ ነው የተናገርኩት። የነቀልሽው አንቺ ነሽ።"

ወላሂ፣ ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ይሄ ነው የወጋኝ። እውነት ስለሆነ ነው የወጋኝ።

ተመልሼ ጋራውን ወጣሁ። የቀብሩ ጠባቂ፣ እኛ ሙሪድ የምንላቸው፣ እወይራው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ይኖራሉ። ጥርሳቸው ስላለቀ ጫታቸውን በትንሽ ሙቀጫ ወቅጠው ነው የሚቅሙት። ስደርስ እየወቀጡ ነበር። ሰላም ብዬ በሩ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉን ነገርኳቸው፤ ችካሉን፣ ኩሬውን፣ ስንጥቁን፣ ጨርቁን። እያዳመጡ ይወቅጣሉ። በመጨረሻ፣ አባ፣ ቦዩን በወልዩ እግር ሥር ብናሳልፈው ይቆጡብን ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው።

ያን ጊዜ ሙቀጫው ቆመ።

"እኔ ትንሽ ሳለሁ የዝናቡ ውሃ በዚሁ በእግራቸው ሥር ነበር የሚወርደው" አሉ። "አባቴ በየክረምቱ መንገዱን ይጠርግለት ነበር። ውሃ ይጠላሉ ያላችሁ ማነው?"

ማንም አላለንም። እኛም አልጠየቅንም። ያን ሁሉ ቀን ስንቆፍር እኚህ ሰው እዚያው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር፤ ሰላምታ ሰጥተናቸዋል፣ ውሃ ጠይቀናቸው ጠጥተናል፣ ይህን ግን አልጠየቅንም። እሳቸውም መንግሥት የለካው መስሏቸው ዝም አሉ።

እዚያው በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ድምፃቸው ጠነከረ። "አራስ ልጅሽን ከሥር አስተኝተሽ እኔ ዘንድ ፈቃድ ልትጠይቂ መጣሽ? ተነሺ። መጀመሪያ እሷን አውጪ። የቀረውን በኋላ ትናገሪያለሽ።"

ቤት ስደርስ ከግድግዳው የሚወጣው ውሃ እንደ ቅድሙ የጠራ አይደለም። ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል። አፈር ይዞ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው። ልጄን ተነሺ አልኳት። አልነሳም አለች። አርባዋ አልሞላም፤ በዚህ ቀን አራስ ደጅ ወጥታ ንፋስ ቢመታት፣ ሕፃኗን ዓይን ቢያያት ማነው ተጠያቂው? አማቷስ ምን ትላለች? ሁሉንም ከኔ ነው የተማረችው፤ ራሴው ያስተማርኳትን ራሴው ላፈርስባት አልቻልኩም። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳት። እኔ ነኝ ያዞርኩት፣ ውሃው ላያችን ላይ ነው አልኳት።

"ያን ፎቶሽን በስልኬ ለባሌ ቤተሰብ ሁሉ ልኬ ነበር፣ ኡሚ" አለች። ከዚያ ሕፃኗን አቀፈችና ተነሳች።

ትንሿን ቢላ በወገቧ ሻጥኩላት፤ አራስ ያለ ብረት አትወጣም። በሁለት ጋቢ ጠቀለልኳቸው። ባጃጅ አስቆምኩ። እኅቴ ጀጎል ግንብ ውስጥ ናት የምትኖረው፣ እዚያ ነው የምንሄደው። ባለባጃጁ ቅርብ በሆነው በቡዳ በር ሊያስገባን ሲያመራ ጮህኩበት። ሕፃን ይዤ በዚያ በር አልገባም፣ በሰንጋ በር አዙረን አልኩት።

"አቦ እማማ፣ በሩ ሰው አይበላም" ብሎ ሳቀ።

"አንተን አይበላ ይሆናል። አዙረን።"

አዞረን። መስታወቱ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲያርፉ አየሁ። ጋራው ሊወርድብኝ እኔ በር እመርጣለሁ። ችካሉን ያስነቀለኝ ይሄው ልቤ እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል፤ ግን በቡዳ በር አልገባሁም።

ከበሩ በኋላ ባጃጅ አይገባም፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ልጄን ደግፌ በድንጋዩ ላይ ቀስ እያልን ወጣን። አንዲት ሴት ከቤቷ በር ሆና አይታን ማሻአላህ ብላ ዓይኗን ከሕፃኗ ላይ ዘወር አደረገች። አላህ ይስጣት። እኅቴ ስፌቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ስታየን ምንም አልጠየቀችም፤ አክርማውን ወደ ጎን ገፍታ ቀዩን መደብ ጠርጋ አነጠፈች። ግድግዳዋን በመዳፌ ነካሁት። ደረቅ ነው፣ ከክንዴ ይወፍራል። ልጄ ጋደም ስትል ተመልሼ ወጣሁ። የት ነው ስትለኝ፣ ልናገር አልኳት።

የፈረስ መጋላን አደባባይ አቋርጬ፣ በሐረር በር ወጥቼ፣ እስከ ወረዳው ቢሮ በእግሬ ሄድኩ። ስገባ ዓይኔ ፎቶው ላይ አረፈ። ኢንጂነሩ ለሐሙስ እንግዶች ወረቀት ያዘጋጃል፤ ጠረጴዛው ላይ የጋራው ካርታ ተዘርግቷል። በመንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ዝናቡን ልወቅስ፣ ፍልፈሉን ልወቅስ፣ ስልኩን አለማንሳቱን ልወቅስ። አንዱም አልወጣ አለ።

"ችካሉን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

አልገባውም። ደገምኩለት። ካርታው ላይ ጣቴን አስቀምጬ ከዚህ ወደዚህ አልኩ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ይጮህብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን ብዕሩን አስቀመጠና በዝቅተኛ ድምፅ፣ "እኔም ጫፍና ጫፉን ብቻ ነው ያየሁት፣ እናቴ" አለኝ። "መሃሉን ሳላይ ነው የፈረምኩት።"

ከዝርዝር ታወጡኛላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እሱን በኋላ አለና የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ወጣ።

ፒክአፑ ጋራው ሥር ሲያደርሰን ዝናቡ በርትቷል። በቅድሚያ ወደ ጎረቤቴ ሄድን፤ ኢንጂነሩ አምስቱን ልጆች ይዛ እንድትወጣ ነገራት። እኔ የቤቴን በር እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም። ስንወጣ ከላይ የዶማ ድምፅ ይሰማል። ሙሪዱ ናቸው። ሽርጣቸውን ወደ ላይ ታጥቀው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በቀብሩ እግር ሥር ይቆፍራሉ። አጠገባቸው ሦስት የቡድናችን ሴቶች አሉ። ከሦስቱ አንዷ ቀልደኛዋ ናት፤ ባሬላውን ከሌላዋ ጋር ይዛ አፈር ታመላልሳለች። ቀና ብላ አየችኝ። ነጠላዋ ከፀጉሯ ጋር ተጣብቋል።

"ቀልዴን ልቆፍር መጣሁ" አለችኝ።

አካፋ አነሳሁ። ኢንጂነሩ መሣሪያውን አቁሞ በየእርምጃው ይለካል፤ እዚህ ጥልቅ አድርጉ፣ እዚህ ይበቃል ይለናል። እጃችን እየተንሸራተተ፣ ዓይናችን ውስጥ ውሃ እየገባ ቆፈርን። የመጨረሻዋን አፈር የገፋት ማን እንደሆነ አላውቅም። ኩሬው መጀመሪያ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ መጣ፤ ከዚያ ጠርዙን እየበላ ሰፋና ከቀብሩ እግር ሥር አልፎ እየጮኸ ወደ ፈፋው ወረደ። ሙሪዱ ዶማቸውን ተደግፈው አዩት። "መንገዱን አገኘ" አሉ።

ውሃው አንድ ስንዝር ጎደለ፣ ሁለት ስንዝር ጎደለ። በዚህ መሃል ነው ከታች ድምፅ የሰማሁት። ትልቅ ድምፅ አይደለም። ጆንያ እህል ከትከሻ መሬት ላይ ሲጣል እንደሚሰማው ያለ ነው። የት እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ወርጄ ቤቴ ስደርስ የጓዳው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተኝቷል። ልጄ የተኛችበት ፍራሽ አይታይም፤ ድንጋይና ጭቃ ነው ያለው። ከግድግዳው በቀረችው ቁራጭ ላይ ምስማሩ አለ፤ ረስቼው የወጣሁት አንድ የሕፃን ጨርቅ ተንጠልጥሏል። እዚያ ቆሜ ፍራሹ ያለበትን ቦታ እያየሁ፣ ሰው እንደሌለበት እያወቅኩ፣ በእጄ ጭቃውን መጫር ጀመርኩ። ጓደኛዬ ናት ከኋላ መጥታ የያዘችኝ። ማንም የለም፣ ማንም የለም እያለች ጎትታ አወጣችኝ። ከጓዳው በቀር የቀረው ቤት ቆሟል። የጎረቤቴን ቤት ውሃ አልነካውም።

ጨርቁን ከምስማሩ አወረድኩና ጨምቄ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። እግሬን በጀሪካኑ ውሃ ታጠብኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ባጃጅ መጠበቅ አልቻልኩም፣ በእግሬ ሄድኩ። በሰንጋ በር ስገባ የመግሪብ አዛን ከአንዱ መስጊድ ተነስቶ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ነበር።

እኅቴ በሩን ከፈተችልኝ። ልጄ መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ሕፃኗን ታጠባለች። ቢላዋ አጠገቧ አለ። ቀሚሴ ላይ ያለውን ጭቃ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ቤቱስ?" አለችኝ።

"ጓዳው ወደቀ" አልኳት። "እኛ አልነበርንበትም።"

እጇን ዘረጋችልኝ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዝርዝሩ ያውጡኝ አያውጡኝ በዚያ ሰዓት አላውቅም ነበር፤ ስለ ስፌት መኪናዋም አላሰብኩም። ጀርባዬን የእኅቴ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ፤ ደረቅ ነው፣ አይነቃነቅም። ሕፃኗ ጠብታ ጠግባ ጡቱን ለቀቀች። አልሐምዱሊላህ፣ ደርሰናል። ልጄም፣ ልጇም፣ እኔም ደህና ነን።